ዳብል ቦንድ በአሥረኛ ቢ ክፍል

ኬሚስትሪ ማስተማር የጀመርኩት ከእንጦጦ ግርጌ ባለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። በመጀመሪያው ቀን ከአያት በባቡር መገናኛ፣ ከዚያ በታክሲ ተሳፍሬ በብርድ ደረስኩ።

የዲፓርትመንቱ ኃላፊ ጋሽ ታምራት ጠመኔና ዳስተር ሰጡኝ። «ያልጠገቡ የሚባሉትን ሃይድሮካርቦኖች፣ አልኬንና አልካይንን ታስተምሪያለሽ። ከኋላ ተቀምጬ አይሻለሁ። ካልሆነልሽ ክፍሉን ለሌላ ሰጥቼ አንቺን ላብራቶሪ ዕቃ ክፍል እመድብሻለሁ» አሉኝ።

ሰሌዳው ላይ ሁለት ካርቦኖችን በሁለት መስመር፣ ማለትም በዳብል ቦንድ፣ አገናኝቼ ኢቲሊን የሚባለውን አልኬን ሳልኩ። ባለ አንድ መስመሩን ኢቴንን ከጎኑ አስቀመጥኩ። «ባለ ሁለቱ ማሰሪያውን ፈትቶ ብሮሚንን ቶሎ ይቀበላል፤ ቡናማ ቀለሙንም ያጠፋዋል» አልኩ። ብሮሚን ስላልነበረን በወሬ ብቻ ነው ያለፍኩት።

ሐያት የምትባል ልጅ መስኮት ሥር ሆና እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ? በሁለት የታሰረው እንዴት በአንድ ከታሰረው ቀድሞ ይፈታል?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ አልሳቅሁም፤ ልጅቷ የጠየቀችው ትክክለኛ ጥያቄ ነበር። ጋሽ ታምራት ሰዓታቸውን አዩና፣ «ፈተና ላይ አይመጣም፤ ቀጥዪ» አሉ።

አልቀጠልኩም። ሐያትንና ጓደኛዋን ሜሮንን አስነስቼ ፊት ለፊት አቆምኳቸው፤ ሁለቱንም እጆቻቸውን ተያያዙ። አንዱን ልጅ ሁለት ቦርሳ አስይዤ ብሮሚን አደረግሁት። «አንድ አንድ እጃችሁን ልቀቁና ቦርሳ ተቀበሉት» አልኩ። ተቀበሉት። «ተለያያችሁ?»

«ኧረ አልተለያየንም!» አለች ሐያት። «አንደኛው እጃችን እንደተያያዘ ነው። ለካ ሁለቱም አይደለም የሚፈታው!»

«አሁን ሌላ ቦርሳ ቢመጣስ?»

«እጃችን ሞልቷል። ካልተለያየን አንቀበልም።»

«ኢቴንም እንደዚህ ነው» አልኳት።

ሲደወል አልካይን ገና አልተነካም ነበር። ጋሽ ታምራት «የዕቅድሽን ግማሽ አልሸፈንሽም» ብለው ክፍሉን ወሰዱብኝ። አልዋሽም፣ ዕቃ ክፍሉ ውስጥ ፍላስክ እያጠብኩ አልቅሻለሁ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ በእረፍት ሰዓት በሩ ተንኳኳ። ሐያት ናት፤ የክፍሉ ግማሽ ተከትሏታል። «ቲቸር፣ አልካይን ላይ ተጣላን እኮ! ትሪፕል ቦንድ ነው ተባልን። ሦስተኛውን እጅ ከየት እናምጣ?»

ሳቄ መጣ። ሻርፗን ተቀብዬ እሷንና ሜሮንን ወገብ ለወገብ አሰርኳቸው፤ እጆቻቸውንም አያያዝኳቸው። ልጆቹ ቦርሳ ማቀበል ጀመሩ። እጆቻቸውን ሁሉ ለቀው አራት ቦርሳ ሲይዙም ሻርፑ አላለያያቸውም። ጫጫታው ጋሽ ታምራትን አመጣቸው። በሩ ላይ ቆመው እስከ መጨረሻው አዩ።

«ሰኞ ወደ ክፍልሽ ተመለሺ» አሉኝ። ጥቂት ሄድ ብለው ዞሩና፣ «ሻርፕ እንዳትረሺ» አሉ።

ዛሬም ዕቅዴን ሳልጨርስ የሚደወልብኝ ቀን ብዙ ነው። ለአዲስ መምህራን የምነግራቸው አንድ ነገር ነው፦ ያልተሸፈነ ርዕስ ነገ ይሸፈናል፤ ያልተመለሰለት ልጅ ግን ነገ አይጠይቅም።