ስም ያለበት የበሮቹ ጀርባ

ይታወቅ! በባሕሩ ዳር በኢሶሐማ መንደር የሚኖር፣ ቁመቱ ከፀጉር ቤት ወንበሩ ብዙም የማይበልጥ ቶሜኪቺ የተባለ ጡረተኛ ፀጉር አስተካካይ፣ በሰባ አንድ ዓመቱ ሰዓሊ ተብሏል። ያለው ራሱ ነው።

ዓመት በመጣ ቁጥር የሚሥለው ያንኑ ነው፦ በባሕሩ ዳር ወደ መንደሩ መቅደስ በሚወስደው መንገድ ላይ የተደረደሩትን፣ ግድግዳ የሌላቸውን ባለ ምሰሶ ቀይ በሮች። አሥራ ስምንት ጊዜ ከበሮቹ ወዲህ ላለው የመቅደሱ አዳራሽ አቀረበ፤ አሥራ ስምንት ጊዜ «ባሕሩ ሾርባ ይመስላል» ተብሎ ተመለሰ። ዘንድሮ ግን፣ ጉድ ነው፣ ሥዕሉ አማረ። ካህኑ ኩሮዳ በገዛ እጃቸው ሚስማር መትተው ሰቀሉለት።

የዓሣ አጥማጆቹ አለቃ ጌንጎ አፍንጫውን ወደ ሸራው አስጠጋ።

«ይሄ የአባቴ ስም አይደል እንዴ?»

ነው። በሩን ያሠራ ሰው ስሙ የሚጻፈው በምሰሶው ጀርባ ነው፤ ጀርባውን የሚያየው ደግሞ በሥሩ ያለፈ ነው። የቶሜኪቺ እናት ካረፉ ገና ሃምሳ ቀን አልሞላም። ሐዘንተኛ ሃምሳው ቀን ሳይሞላ በእነዚያ በሮች ሥር ካለፈ፣ ሞትን አዝሎ አማልክቱ ቤት ገባ ማለት ነው።

«ለካ መረባችን ባዶ የወጣው በአንተ ነው!» አለ ጌንጎ። መረቡ እንደ ወንፊት መቀደዱን አላነሳም፤ ትሕትና ይዞት ይሆናል።

«ኧረ አላለፍኩም! በባሕሩ ዞሬ…»

«በባሕሩ? ዋና የማትችለው ሰውዬ?»

ካህኑ ሚስማሩን ይነቅሉ ጀመር። ቶሜኪቺ ሥዕሉን ለመቀበል እጁን ዘረጋ። ሥዕሉስ ይመለስ፣ ለምዶታል፤ ከእንግዲህ ግን በዚህ መንደር ማን ሰላም ይለዋል?

ይህን ጊዜ የሚበላ የባሕር አረም ለቅመው የሚሸጡት እትዬ ኡሜኖ እየጮኹ ገቡ።

«የታለ ያ ድንክ! ጋሼ ኩሮዳ ይፍረዱኝ! ሱሪውንና ቀለሙን በአናቱ ተሸክሞ፣ እስከ እምብርቱ ውኃ ውስጥ እየተንቦጫረቀ፣ አረሜን ረጋግጦ ጨረሰው! ዘጠኝ ቀን ሙሉ!»

«ወዴት ሲሄድ?» አሉ ካህኑ።

«ከበሮቹ ጀርባ ያለው ቋጥኝ ላይ ነዋ! አንተ፣ እንደ ሰው በበሩ አትሄድም ነበር?»

«ሐዘን ላይ ነኝ እኮ፣ እትዬ።»

«ሐዘንህን ከአረሜ ጋር ምን አገናኘው?»

ቶሜኪቺ በዕድሜው እንዲህ የሚጣፍጥ ስድብ ሰምቶ አያውቅም። እፎይ ብሎ ወለሉ ላይ ዘጭ አለ፤ ይሣቅ ያልቅስ ጠፋው። ካህኑ ሚስማሩን መልሰው መቱ። ጌንጎን ድንገት ሳል ያዘው፤ እያሳለም ወደ ውጭ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ጌንጎን መቼም ታውቀዋለህ፤ በየመንደሩ አለ፣ መስተዋትህ ውስጥም ብቅ ይል ይሆናል። አደራ፣ ስታገኘው ክንዱን ያዝልኝና ቶሜኪቺ ፊት አቁመህ፣ ያቺ አንዲት የይቅርታ ቃል ከአፉ እስክትወጣ ድረስ አትልቀቀው።