ማህተም ያለበት ወረቀት

የዚያን ቀን ጅልነቴን ሚስቴ እንግዳ በመጣ ቁጥር ታወራዋለች፤ ከሷ አፍ ከሚሰማ እኔው ብጽፈው ይሻላል። መነጽሬን ቤት ረስቼ ሱቅ ከፈትኩ። ሱቄ ሞያሌ፣ በኬንያ በኩል፣ አንድ የፎቶ ኮፒ ማሽንና አንድ እኔ ያለንበት ጠባብ ክፍል ነው። ሁለታችንንም ጠዋት ስንነሳ ያስለናል።

ናይሮቢ የሚማር፣ ኡራን ከሚባለው መንደር የሆነ ልጅ መጣና መቶ ኮፒ አዘዘ፤ ሂሳቡንም አስቀድሞ ከፈለ። ምን እንደሚል አላነበብኩም። አርባውን እንዳወጣሁ ስቲማ፣ መብራቱ ማለት ነው፣ ጠፋ። እኔ ደግሞ ማህተም ያልተመታበት ወረቀት ከእጄ አይወጣም፤ ተወልጄ ባደግሁበት አገር ማህተም የሌለው ወረቀት በርበሬ መጠቅለያ ነው፣ ዋልዳ የስደተኞች ካምፕ ሳለንም ዱቄት የሚሰፈርልን በማህተም ነበር። አርባውንም አንድ በአንድ መታሁ፤ ዙሪያውን የሱቄ ስም፣ መሃሉ ላይ ስልኬ። ልጁ አውቶቡስ ሊያመልጠው ስለነበር ሳያይ ቦርሳው ውስጥ ከተተው፤ የቀረውን በሎሪ ሹፌር ላክልኝ ብሎ ሮጠ።

ሶሎሎ መገንጠያ ላይ ፖሊሶች ቦርሳውን ፈተሹ። እኩለ ቀን ሳይሞላ ሁለታችንም ፖሊስ ጣቢያ አንድ ክፍል ውስጥ ተቆልፎብን ነበር። ከወረቀቱ ጀርባ ማህበር አለ ብለው፣ በማህተሙ የተነሳ እኔን ሊቀመንበሩ አደረጉኝ። በሰባ አንድ ዓመቴ የደረሰኝ ብቸኛ ሹመት እሱ ነው።

ወለሉ ሲሚንቶ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነበር፤ ፀሐይ ሲበረታ ቆርቆሮው ቀጭ ቀጭ ይላል። ጥግ ላይ ክዳን የሌለው ባልዲ አለ። ወረቀቱ ምን እንደሆነ ልጁን ጠየቅሁት። በገበያ አማርኛው፣ ድምፁን ሳይቀንስ ነገረኝ። ወንድ ሆነው ወንድ የሚወዱ፣ ሴት ሆነው ሴት የሚወዱ ተማሪዎች በተማሪዎች ምክር ቤት አንድ ወንበር ይሰጠን የሚሉበት ነው፤ እሱም አንዱ ነው። ነገሩ የጀመረው አብረውት የሚያድሩት ልጆች ፍራሹን ከነደብተሮቹ ዝናብ ላይ የጣሉበት ጊዜ ነው። አቤት ሊል የተማሪዎች ተወካይ ዘንድ ሄደ። ተወካዩ ፍራሹን ከተሸከሙት አንዱ ነበር።

እኔ ይህን ሰምቼ ምን አደረግሁ? ተነስቼ ወደ ሌላው ግድግዳ ሄድኩ። ክፍሉ አራት እርምጃ ስለሆነ ብዙም አልራቅሁ። ለሁለታችን አንድ ኩባያ ቻይ ሲመጣ፣ ታላቅ ይቅደም ብሎ ለእኔ ዘረጋልኝ። ጠጥቻለሁ አልኩ። የት እንደጠጣሁ አልጠየቀኝም። ግማሹን ጠጥቶ ግማሹን ተወልኝ፤ ዝንብ እንዳይገባበት በመዳፉ ከድኖ ተቀመጠ።

ኋላ ኢንስፔክተሩ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ቃል ይዞ መጣ። ልጁ ወረቀቱን ለሕፃናት ሊበትን እንደነበር፣ እኔንም እንዳታለለኝ መስክሬ እንድፈርም ነው። ከፈረምኩ እኔ ወደ ቤቴ፣ እሱ ወደ ፍርድ ቤት፤ ትምህርቱም እዚያው ላይ ያበቃል። ይህን የሚነግረኝ ልጁ እየሰማ ነው።

«ፈርም ጋሼ» አለኝ ልጁ። «አንተ ትልቅ ሰው ነህ። ይሄ ሲሚንቶ ወገብህን ይገድለዋል።»

ቢሰድበኝ ይቀለኝ ነበር። እኔም በዚያኛው አገር ተማሪ ሳለሁ ወረቀት በትኜ ታስሬያለሁ። በክፍሌ ልጅ ላይ የተጻፈ ቃል ሰጡኝ፤ ፈረምኩ፤ ለቀቁኝ። ከዚያ ወዲህ እሱን አየሁት የሚል ሰው አላገኘሁም። ያ ወረቀት ማህተሙ በጣም ያማረ ነበር።

ለኢንስፔክተሩ፣ ማህተም የሌለው ነገር ላይ አልፈርምም አልኩት። ሳቀና ማህተም አስመጣ። እንግዲያው መነጽሬ ይምጣ አልኩ። ሚስቴ እየተራገመች አመጣችው። ቀስ ብዬ፣ መስመር በመስመር አነበብኩ።

«ይሄ ልጁ ያላለው ነው» አልኩት። «ልጁ የጠየቀው አንድ ወንበር ነው።»

እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ አጋድሜ መለስኩለት። ሄጄ ልጁ አጠገብ ተቀመጥኩ፤ ከመዳፉ ሥር ኩባያውን ወስጄ ጠጣሁ። ቻዩ ቀዝቅዞ ቆዳ አውጥቷል።

«ትቀልዳለህ እንዴ፣ ጋሼ?» አለኝ።

«ሊቀመንበርህ ነኝ፣ ልጄ» አልኩት።

በአራተኛው ቀን ምንም ሳይሉን ለቀቁን። እሱ በማግስቱ ወደ ናይሮቢ ተሳፈረ። ወንበሩን ያግኝ አያግኝ አላውቅም። ወገቤ ግን እንዳለው ሆኗል፤ ደንበኛም ቀንሷል፤ የሚመጣውም ወረቀቱን ሲቀበለኝ ጣቴን እንዳይነካ ይጠነቀቃል። እኔም አራት እርምጃ ስለሸሸሁ ጥንቃቄውን አውቀዋለሁ።

ፖሊሶቹ ሱቄን ሲፈትሹ የማሽኑን ክዳን ከፍቶ ያየ አልነበረም። ዋናው ወረቀት እዚያው ተኝቶ ቆየኝ። አሁን መነጽሬን አድርጌ አንብቤዋለሁ። አርባው በፖሊስ እጅ ቀርቷል፤ ስልሳ ገጽ ግን ዛሬም የልጁ ዕዳ አለብኝ። ንጹሕ ወረቀት ቆጥሬ ለብቻው አስቀምጫለሁ። ሲመጣ የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማህተሙ ይመታ ወይስ ይቅር?

እኔ ይመታ ባይ ነኝ።