የመንትያዬ አጥንት

በእኛ አገር ጋብቻ ሲታሰብ ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው አጥንት ነው። «አጥንቷ እንዴት ነው?» ይባላል፤ ዘሯ፣ ትውልዷ፣ ወደ ላይ ሲቆጠር የሚገኘው ሰው ሁሉ ማለት ነው። እኔ ደብረ ታቦር ባዮሎጂ የማስተምር ሰው ነኝና አጥንት ሲባል ካልሲየም ሊታየኝ ይገባ ነበር። ግን የዚሁ አገር ልጅ ነኝ። ቃሉን በሰማሁ ቁጥር ሁለቱም እጆቼ ሳላዛቸው ነጠላዬ ውስጥ ይገቡ ነበር።

ሕመሙ የጀመረኝ ማስተማር ከጀመርኩ ብዙም ሳልቆይ ነው። ጠዋት ስነሳ ጣቶቼ አልታጠፍ ይላሉ። ፀሐይ ሞቅ ሲል ይለቁኛል፣ በማግስቱ እንደገና ይይዙኛል። ቀስ እያለ አንጓዎቼ አበጡ፤ ከዚያ ጣቶቼ ወደ ጎን መዝመም ያዙ። ጠመኔ ስይዝ በመዳፌ ሙሉ እንደ ዘነዘና ጨብጬ ስለሆነ ተማሪዎቼ ጽሕፈቴን ለማንበብ አንገታቸውን ያጣምሙ ነበር። ሰፈሩ ለሕመሜ ስም ለማውጣት ሐኪም አልጠበቀም። ፊት ለፊት የተናገረኝ ሰው የለም፤ ግን ጎረቤት ለበዓል ስንጠራ የእኔ ብርጭቆ ለብቻው ሲታጠብ አየሁ። ቁምጥና መስሏቸዋል። ቁምጥና በአገሩ እምነት በዘር የሚወርድ ነው፤ አይደለም ብሎ ሐኪም ቢምል ቢገዘት ሰሚ የለውም። አንድ ሰው ታመመ ማለት ወንድም እህቱ፣ የአጎት የአክስት ልጁ ሁሉ አብሮ ታማ ማለት ነው።

እኔ ደግሞ ከእህትም የባሰ እህት አለችኝ፤ መንትያ። መልካችን አባታችንን ሳይቀር ያሳስተው ነበር። እሷ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ናት፤ ጣቶቿ ረጃጅም፣ ቀጥ ያሉ ናቸው። እኔ ከታመምኩ ወዲህ መንገድ ላይ ያገኘን ሰው «አንቺ የቷ ነሽ?» ማለት ትቶ በዓይኑ ሰረቅ አድርጎ እጃችንን ያያል። እሷ ከሆነች ፊቱ ይፈታል። እኔ ከሆንኩም ለትሕትና ያህል ይፈታዋል፤ ግን ትንሽ ይዘገያል። እኔ የማፍረው በዚያች መዘግየት ነበር።

እናቴ መጀመሪያ የወሰደችኝ ወንዛዬ ፍል ውኃ ነው። ውኃው ደስ ይላል፤ እጅ ሲገባበት ለጥቂት ጊዜ የራስ እጅ ይመስላል። ከጎኔ የተቀመጡት ሴቶች ስለ ወገባቸው፣ ስለ ጉልበታቸው እያወሩ ያሳስቁኝ ነበር። እጄን ከውኃው ሳወጣው ጨዋታው ቆመ። አንዲት ሴትዮ እናቴን ጎንተል አድርገው «በዘር ነው?» አሏት፤ እኔ እንደማልሰማ። እናቴ «በብርድ ነው» አለች። ሴትዮዋ ግን ቀሚሳቸውን ሰብስበው ወደ ዳር ፈቀቅ አሉ። ያን ቀን አፍሬ ውኃው ውስጥ እጄን ነክሬ ሰው ሁሉ እስኪወጣ ቆየሁ፤ ጣቶቼ ተጨማደው የአሮጊት ጣት መሰሉ።

በመጨረሻ ባሕር ዳር፣ የመገጣጠሚያ ሕመም ያያል የተባለ ሐኪም ዘንድ ሄድን። ወጣት ነው፤ ነገሩን ሳይጨርስ ሰው የማይለቅ ዓይነት። ደሜን አስመረመረ፣ ራጅ አስነሳኝና «የሥጋ ደዌ አይደለም» አለ። እናቴ እንደ መቆም ብላ ጣሪያ ጣሪያውን እያየች አማተበች። ሩማቶይድ አርትራይተስ ይባላል አለን። ሰውነት ከበሽታ የሚከላከልበት ኃይል ስቶ የገዛ መገጣጠሚያውን እንደ ባዕድ ቆጥሮ ያጠቃል። በሳምንት አንድ ቀን የሚዋጥ መድኃኒት ጻፈልኝ። ይኼን ሁሉ እያደመጥኩ በአእምሮዬ ያለው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ አውጥቼ ጠየቅሁት።

«ዶክተር፣ መንትያ አለችኝ። መልካችን አንድ ነው። እሷ ለምን አልታመመችም?»

ወንበሩን ወደ እኔ አስጠጋ። እንደ እናንተ ከአንድ እንቁላል የተከፈሉ መንትዮች ከወላጅ የወረሱት አንድ ነው አለኝ፤ ያን እኔም በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ እጽፈዋለሁ። ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ግን ከመጽሐፋችን አላገኘሁትም ነበር። በተወረሰው ላይ፣ ፊደሉ ሳይለወጥ፣ ኑሮ ምልክት እያኖረበት ይሄዳል፤ ይኼኛው ይነበብ፣ ያኛው ይዘጋ የሚል ምልክት። ኤፒጄኔቲክስ ይሉታል። አንድ ዓይነት ጽሑፍ ይዘው የተወለዱ ሁለት ሰዎች ዕድሜያቸው በገፋ ቁጥር ምልክታቸው እየተለያየ ይሄዳል። በእንደዚህ ያለው ሕመምም የአንዷ መከላከያ በገዛ ሰውነቷ ላይ ሲነሳ የሌላዋ ሊተኛ ይችላል፤ ከመንትዮችም አንዷ ታማ ሌላዋ ሳትታመም የምትቀረው ይበዛል። «እህትሽ ከሌላ ሰው ይልቅ ትንሽ ታሰጋለች፤ ግን አይቀርላትም ማለት አይደለም» አለ።

እኔ የድጓ መሪጌታ ልጅ ነኝ። አባቴ ጭኑ ላይ ዘርግቶ በሚያስተምርበት ብራና ላይ ከቃሉ በላይ የተጻፉትን ደቃቃ ምልክቶች አይቼ ነው ያደግሁት፤ ድፋት፣ ጭረት ይሏቸዋል። ቃሉ ያው ነው፤ ዜማውን ከፍ ዝቅ የሚያደርጉት እነሱ ናቸው። ሐኪሙ ሲናገር የታየኝ ያ ብራና ነበር። እውነቴን ነው፣ ደስ አለኝ። አጥንቴ እንደ እህቴ አጥንት ነዋ! የተበላሸ ቃል አልነበረብኝም።

ደስታዬ ግን የሚቀጥለው ጥያቄ እስኪመጣ ነው። «ያደጋችሁት አንድ ቤት ነው?» አለ ሐኪሙ።

እናቴ የነጠላዋን ጫፍ ታፍተለትል ነበር፤ እጇ ቆመ። መልሱን እኔ ሰጠሁ። ስንወለድ የእናቴ ጡት ለሁለት አልበቃም ነበር። ልጅ ያልወለደች ታላቅ እህቷ ከጉና ተራራ ሥር በበቅሎ መጣችና «አንዷን ስጪኝ» አለቻት። እናቴ የማታለቅሰውን ሰጠች። አባቴ ሲቀልድ፣ ዝም ያልሽው በዕድሜሽ ያን ጊዜ ብቻ ነው ይለኛል። ለትምህርት ወደ ደብረ ታቦር እስክመለስ አክስቴ ዘንድ አደግሁ። የጉና ብርድ ድንች ያፈርጣል፤ ቤቱ መስኮት የለውም፣ እሳቱ ቀን ከሌት አይጠፋም። አክስቴ ብርድ እንዳይመታኝ ከምድጃው አጠገብ ያለውን ቦታ ለእኔ ትተወው ነበር። በዚያ ቤት ከሁሉ የተሻለው ቦታ እሱ ነበር።

ሐኪሙ ጻፍ ጻፍ አደረገና ጭስ፣ ኢንፌክሽን፣ የረጅም ጊዜ ጭንቀት፣ ሌላም ብዙ ነገር ይጠረጠራል አለ። «በአንቺ ላይ የትኛው እንደሆነ ግን ልነግርሽ አልችልም። ማንም አይችልም። አይታወቅም።»

ወደ ደብረ ታቦር በሚኒባስ ተመለስን። ዳገቱን ስንያያዘው እናቴ ወደ መስኮቱ እንደዞረች «ጭስ አለ አይደል?» አለችኝ። «ብዙ ነገር ነው ያለው እማዬ» አልኳት። «ጭስ ብሏል» አለች። አንገቷ ደም መሰለ። እናቴን እንደዚያ አፍራ አይቻት አላውቅም። እኔም ስለ እሷ አፈርኩ፤ ሁለታችንም ተሳፋሪው የሚያውቅብን ይመስል አጎንብሰን ቤታችን ገባን።

እንግዲህ በዚያው ዓመት ነው እህቴን ሽማግሌ የጠየቃት። ልጁን ራሷ የመረጠችው ነው፤ ደብረ ታቦር አብረው ሲሠሩ የተዋወቁ ናቸው፤ ስሙ ሲነሳ ምክንያት ፈልጋ ትስቅ ነበር። የእሱ ቤተሰብ ግን ያለ አጥንት ምርመራ ውሃ የማያስጠጣ ቤት ነው። ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ ሲመጡ አባቴ እንደ ደንቡ «ዘመድ እንጠይቅ» ብሎ ቀጠሮ ሰጠ። በመካከሉ እነሱም ጠይቀዋል። ለሁለተኛ ጊዜ ሊመጡ ሲሉ እህቴ ከጓደኞቿ እየቀረች ከቢሮ ቀጥታ ቤት መግባት ጀመረች፤ እህል ከአፏ ጠፋ። ለምን እንደሆነ አልነገረችኝም። እኔም አልጠየቅኋትም፤ ሁለታችንም እናውቀዋለን፣ እጄ ነው።

በቀጠሮው ቀን ከሰዓት በኋላ እናቴ እየዞረች ወንበር ስታስተካክል ቆየችና ፊቴን ሳታይ «አንቺ ጓዳውን ጠብቂልኝ» አለችኝ። ጓዳችን ውስጥ የድንች ጆንያና የጠላ ጋን ነው ያለው፤ ማን ይሰርቀዋል? ልላት ፈልጌ ነበር። ገባሁ። ከመጋረጃው ኋላ ጆንያ ላይ ተቀምጬ፣ ሠላሳ ዓመት የሞላኝ መምህርት እንዳጠፋ ሕፃን ተደብቄ፣ የሽማግሌዎቹን ጫማ ድምፅ ሰማሁ።

ሰላምታው፣ ምርቃቱ፣ የዝናቡ ወሬ አለፈ። ከዚያ የሁሉ ታላቅ የሆኑት ጉሮሯቸውን ጠራርገው ጀመሩ።

«መሪጌታ፣ አይቀየሙን። የላከን ቤት የሰማው ነገር አለ። የልጅቱ መንትያ እጇን ታማለች ይባላል። መንትያ ደግሞ አንድ አጥንት ነው። ሕመሙ ምንድን ነው ብለን ብንጠይቅ ነውር አይሁንብን።»

አባቴ ማኅሌት ቆሞ የሚያነጋ ሰው ነው፤ ድምፁ አጥር ያሻግራል። ያን ጊዜ ግን ምንም አልወጣውም። የሰው ትዳር በእኔ ጣት ተንጠልጥሎ ቀረ።

በሽምግልና መካከል የማትናገረው እናቴ ተናገረች።

«አባቶቼ፣ አንድ አጥንት ናቸው ያላችሁት ልክ ነው። ሁለቱም ከዚች ሆድ ነው የወጡት። አንዲቱ ታመመች፤ አንዲቱ ይኸው ፊታችሁ ቆማለች፣ እጇን እዩት። የአጥንት ቢሆን ኖሮ ሁለቱንም ነበር የሚይዘው። ሐኪሙም የሥጋ ደዌ አይደለም ብሏል። ልጄን አራስ ሳለች አንስቼ ለሰው የሰጠሁ እኔ ነኝ። ጉና ሥር ጭስ ቤት እንድታድግ ያደረግሁ እኔ ነኝ። ያሳመማት ጭሱ ነው። ጥፋቱ የእኔ የእናቷ ነው እንጂ የዘራችን አይደለም።»

መጋረጃውን ይዤ ተነሳሁ። ተማሪ እንዲህ ብሎ ቢጽፍልኝ ግማሹን በቀይ እሰርዘው ነበር። አክስቴ ሞታለች፤ ያን የምድጃ ዳር ለእኔ የተወችው ከፍቅሯ ነው፤ አሁን በሰው ፊት የበሽታዬ ምክንያት ሆነች። እናቴም ብትሆን ጡቷ ደርቆ ነው። ወጥቼ «አይደለም፣ ምክንያቱ አይታወቅም» ማለት ነበረብኝ። ግን አይታወቅም ካልኩ አጥንታችን ተመልሶ መካከላቸው ይቀመጣል፤ እህቴ ደግሞ እጇን እንደዘረጋች እዚያው ቆማለች። መጋረጃውን እንደያዝኩ ቀረሁ።

«እናት በራሷ ላይ እንዲህ ከመሰከረች ሌላ ምስክር አንፈልግም» አሉ ትልቁ ሽማግሌ። «ከአጥንቱ ምንም የለበትም።» ከመካከላቸው አንዱ ግን ከንፈሩን መጠጠና «ልጅ መስጠትማ…» ብሎ ተወው። እኔ ጓዳ ሆኜ ከሰማሁት፣ እናቴ አጠገቡ ቆማ አልሰማችውም አልልም።

ቀኑ ተቆረጠ። እልልታው ሲቀልጥ እናቴ ጠላ ልትቀዳ ማሰሮ ይዛ ጓዳ ገባች። ጋኑን ዘንበል አደረገች፤ እኔን አላየችኝም።

«እማዬ» አልኳት በሹክሹክታ፣ «ሐኪሙ ጭስ ነው አላለም።»

«አላለም።»

«አይታወቅም ነው ያለው።»

«ሰምቼዋለሁ፤ ጆሮ አለኝ። አይታወቅም ተብሎ ልጅ ይዳራል?»

ማሰሮው ሞላ፤ አፉን በእጇ ጠረግ ጠረግ አደረገችና ቀና አለች።

«ማፈሩን እኔ ወስጄዋለሁ። አንቺ ነይ ውጪና ይዩሽ።»

ተከትያት ወጣሁ። ሽማግሌዎቹ ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው፣ አንድም ሳይቀር፣ እጄን ጨበጡኝ፤ ትልቁማ በሁለት እጃቸው ይዘው ጤናዬን ጠየቁኝ። እናቴ ካንዱ ወደ አንዱ እየዞረች ጠላ ትቀዳ ነበር። ብርጭቆውን ከእጇ ሲቀበሉ ፊቷን ቀና ብሎ ያየ አልነበረም።