የገና ተከላካይ ሳለሁ ጌታ አእምሮዬን እንደ መለሰልኝ

ወገኖቼ፣ ጌታ ይባረክ! ሽማግሌዎቹን ትንሽ ጊዜ ስጡኝ ብዬ ስለምናቸው "አባባ፣ እንዳይረዝም" ብለው ነው የፈቀዱልኝ። እንግዲህ ይረዝማል። ፊደል የቆጠርሁት ጎልምሼ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ እንዳይጠፋኝ በገዛ እጄ ጽፌዋለሁ፣ የተሳሳተ ቢኖር እለፉት። ጌታ ያደረገልኝን ሳልናገር መሞት ግን አልፈልግም።

አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ ይህ ነገር ለእኔም በደንብ አልገባኝም። ወጣቱ ወንጌላዊያችን "አባባ፣ የዳኑበትን ሰዓት ለይተው ይናገሩ" ይለኛል። አላውቀውማ! የማላውቀውን በጌታ ፊት ልዋሽ? ግማሹን እኔ አስታውሰዋለሁ፣ ግማሹን ባለቤቴ የሺ ናት የነገረችኝ። የቱ የማን እንደሆነም አንዳንዴ ይምታታብኛል። እንዳለ ተቀበሉኝ።

ሌላው ሲመሰክር ሰካራም ነበርሁ፣ ሌባ ነበርሁ ይላል። እኔ አልነበርሁም። አርሼ የምበላ፣ የምጾም፣ የምሳለም ሰው ነበርሁ። የእኔ ነገር ገና ነው። በዓሉን አይደለም የምላችሁ፣ ጨዋታውን ነው። ከተማ ያደጋችሁ ልጆች ላታውቁት ትችላላችሁ፤ ሁለት ወገን ሆኖ ጫፉ በተቆለመመ ዱላ ጥንጓን፣ የእንጨት ኳሷን ማለቴ ነው፣ እየለጉ መጫወት ነው። ከኋላህ ያለውን መስመር አልፋ ከሄደች ተሸነፍህ። እኔ ከኋላ ነበር የምቆመው፣ ተከላካይ ነኝ። ፊት ለሚሮጡት ይዘፈንላቸዋል። እኔ ቆሜ የመጣውን እመልሳለሁ፤ በዱላ፣ ዱላው ሲያቅተው በቅልጥሜ፣ በደረቴም። እግሬን ገልጬ ባሳያችሁ... ይቅር፣ ቤተ ጸሎት ነው።

በደርግ ጊዜ ጨዋታው የባህል ስፖርት ተባለና ከልደት ውጭም እንጫወት ጀመር። አስቀድሞ ለጋፋት ገበሬ ማኅበራችን፣ ቀጥሎ ለወረዳው፣ በኋላ ለደብረ ታቦር አውራጃ ቆምሁ። ካናቴራና ሸራ ጫማ ሰጡኝ። በጭነት መኪና ጎንደር ድረስ ወሰዱን። የማኅበሩ ሊቀ መንበር "ደምሌን ከጋራ እርሻው ነጻ አድርጉት፣ የሱ ሥራ ከኋላ መቆም ነው" አለ። እውነትም ሥራዬ ሆነ፣ ብዙ ዓመት በዚሁ ኖርሁ። በደምሌ በኩል ምንም አያልፍም ሲሉኝ እኔም አመንሁት።

አንድ ጊዜ ከፋሲካ በኋላ ከእብናት ሰዎች ጋር ገጠምን። ጉልበታሞች ናቸው፤ ከመሀላችሁ የእብናት ሰው ካለ አይቆጣ። ጥንጓ ስትመጣ አይቻታለሁ። ከዚያ ወዲያ አላውቅም። ጆሮ ግንዴን ነው ያገኘችኝ። አልወደቅሁም አሉ፣ ቆምሁ። "ደምሌ ድንጋይ ነው!" ብለው ሳቁ። ቀጥሎ ጥንጓ እግሬ ሥር ስትደርስ ዞር ብዬ በገዛ መስመራችን አሳለፍኋት።

የሚስቴ ወንድም አበጀ ከእኛው ጋር ይጫወት ነበርና እየሮጠ መጣ።

"አያ ደምሌ! ወዴት ነው የሚመቱት? የማን ወገን ነዎት?"

"እኔ ምን አውቄ? የማን ነኝ?" አልሁት።

የቀለድሁ መሰለው። "ዛሬስ ለእብናት ተቀጥረዋል ማለት ነው!" አለኝ። ከዚያ ዓይኔን ሲያየው ሳቁን ተወ።

የመታኝን ሰው ማንም አልከሰሰም። በገና የተመታ ሰው ካሳ አይጠይቅም፣ ደንባችን ነው። ደግፈው ቤቴ ወሰዱኝ።

ከዚህ ወዲያ ያለውን የሺ ናት የምትናገረው። ጠዋት ተነሥቼ ዱላዬን ይዤ የግቢው በር ላይ እቆማለሁ። ጎረቤት አላሳልፍም። ጥጃ አላሳልፍም። የሺ ውሃ ቀድታ እንስራዋን እንዳዘለች ስትመጣ "ተመለሽ!" እላታለሁ።

"ኧረ እኔ ነኝ፣ የሺ ነኝ!"

"የሺ የምትባል አላውቅም። በዚህ አይታለፍም።"

በጓሮ በኩል አጥሩን ሸንቁራ ነበር የምትገባው፣ በገዛ ቤቷ! እኔ የማስታውሰው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሆነ ነገር ሊመጣ ነው፣ ካለፈ አለቅን። ምን እንደሆነ ግን አላውቅም። ዛሬም አላውቅም።

ደብረ ታቦር ሐኪም ቤት ወሰዱኝ። ሐኪሙ ዓይኔን በባትሪ አየና "አንጎሉ ተናውጧል። መድኃኒቱ ዕረፍት ነው፣ ይተኛ። ሊመለስ ይችላል፤ ላይመለስም ይችላል" አላት የሺን።

"ጌታዬ፣ አንዱን ይንገሩኝ እንጂ!"

"አንዱን ባውቀው እነግርሽ ነበር፣ እህቴ።"

ይተኛ ይላል፤ እንቅልፍ ወዴት አለና! ሲያስተኙኝ እነሣለሁ። ጠበልም ወሰደችኝ፣ ተጠመቅሁ። ቄሱ ራሴን ይዘው ጸለዩልኝ። ደግ ሰው ነበሩ፣ ክፉ አልናገርባቸውም።

የመዝሪያው ወራት ቀረበ። አበጀ እህቱን "መሬቱ ካልታረሰ ማኅበሩ ለሌላ ይሰጠዋል። እሳቸው ጠበል ቦታ በሰንሰለት ታስረው ይሰንብቱ፣ አንቺ እኔ ቤት ትገቢያለሽ" አላት። የሺ እምቢ አላለችም። "ዝናቡ እስኪጥል ተወኝ" አለችው። ወገኖቼ፣ የቀረኝ ጊዜ ይኸው ነበር። ቤቴም ሚስቴም የሚሄዱት ዝናብ ሲጥል ነው፤ እኔ ደግሞ በር ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ!

በዚህ ጊዜ ነው ገመቹ የመጣው። የጤና ጣቢያው ድሬሰር፣ ቁስል አጣቢው ማለቴ ነው፣ የወለጋ ልጅ። ጴንጤ ነው ተብሎ ይታማል። የሚጸልዩበት ቤት ተዘግቶባቸው በየሰው ጓዳ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚጸልዩበት ዘመን ነው። ኪኒን ይዞልኝ መጣ፣ ዱላዬን አነሣሁበት። ሌላው ሰው ወይ ይገፋኛል ወይ ይሸሻል። እሱ ከበሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። ቆይቶ ሄደ። በሌላ ቀን መጣ፣ አሁንም ቁጭ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል።

"ምን ታጉረመርማለህ?" አልሁት።

"ስለ እርስዎ ከጌታዬ ጋር እየተነጋገርሁ ነው።"

"ሂድና ቤትህ ተነጋገር!"

ሳቀና ሄደ። ተመልሶም መጣ። እኔን ግትር ትሉኛላችሁ፤ እሱ ይብሳል!

አንድ ቀን ዳመናው ከብዶ ሳለ ዱላዬን መሬት ላይ ተክዬ ተደገፍሁበት። ይህን እኔው አስታውሰዋለሁ፣ የሺም ከአጥሩ ጀርባ ሆና ሰምታዋለች።

"አያ ደምሌ፣ ደክሞዎታል" አለኝ ገመቹ።

"ብደክምስ? ማን ይቁምልኝ?"

"ኢየሱስ ይቆምልዎታል።"

"ከየትኛው ገበሬ ማኅበር ነው?"

አትሳቁ! የምሬን ነው የጠየቅሁት። ገመቹም አልሳቀም። "የሁሉም ነው" አለኝ።

"ከኋላ መቆም ይችላል? ፊት የሚሮጡትን አላምንም።"

"ይችላል። አይደክመውም።"

"እንግዲህ ይቁም። እኔ ግን እያየሁት ነው" አልሁና በሩ ሥር ተቀመጥሁ። ገመቹ አልፎኝ ገባ። ሲያልፍ አየሁት፣ አልከለከልሁትም። ራሴ ላይ እጁን ጭኖ "ጌታ ሆይ፣ ይህን ሰው አሳርፈው" አለ። ጸሎቱ ይኸው ነው። እሳት ወረደ፣ ብርሃን አየሁ ብዬ ብነግራችሁ ደስ ይላችሁ ነበር፤ አላየሁም። እንቅልፍ ወሰደኝ። እዚያው አፈሩ ላይ ተኛሁ። ክብር ለስሙ ይሁን!

ስነቃ ቤት ውስጥ ነኝ፣ ውጭ ዝናቡ ይወርዳል።

"የሺ፣ ጥጃው ምን ሆኖ ነው የሚጮኸው? አስገቢው እንጂ፣ ይበሰብሳል" አልኋት።

የያዘችው ቅል ከእጇ ወደቀ። "ማን አሉኝ?"

"የሺ ነዋ! ማን ልበልሽ?"

"እንደገና ይበሉኝ" እያለች አለቀሰች። እኔ ግራ ገባኝ። ሰው በስሙ ስለተጠራ ያለቅሳል እንዴ? ሃሌ ሉያ! ወገኖቼ፣ አሜን በሉ እንጂ!

አበጀ እህቱን ሊወስድ በቅሎ ይዞ ሲመጣ እርሻ ላይ አገኘኝ። ትልሜ እንደ እባብ ይጠማዘዛል፤ ቀኝና ግራው ገና አልተለየልኝም ነበር።

"አያ ደምሌ፣ ይህ እርሻ ነው ወይስ የእብናት መንገድ?"

"አፍህን ያዝና በሬዎቹን ከፊት ሳብልኝ!"

እየሳቀ እንባው ይወርዳል። በቅሎዋ ባዶዋን ተመለሰች።

ሁሉም በአንድ ጊዜ አልቀናም። በሩ ላይ ተመልሼ የቆምሁባቸው ቀናት ነበሩ፤ ገመቹም ተመልሶ ይቀመጥልኝ ነበር። ልቤ ሲረጋ "ያ የቆመልኝ ሰው ቤቱ የት ነው? ሄጄ ላመስግነው" አልሁት። ያኔ ነው ቀስ ብሎ ወንጌልን የነገረኝ። አመንሁ። ጎረቤት ሸሸኝ፣ ሊቀ መንበሩ "መጤ ሃይማኖት" ብሎ ገሠጸኝ። ከአመንሁት ግን አልተነቃነቅሁም።

የሺ እስከ ዛሬ "ጠበሉ ነው ያዳነዎት" ትላለች። ሐኪሙ ቢጠየቅ ዕረፍቱ ነው ይል ይሆናል። እኔ ኢየሱስ ነው እላለሁ። "ታዲያ ጠበሉን ማን ባረከውና!" ትለኛለች። እሷ ቤተ ክርስቲያኗን ትሳለማለች፣ እኔ እዚህ እመጣለሁ፣ እራት አብረን እንበላለን። ስለዚህም ጌታን አመሰግነዋለሁ። ራሴ አልፎ አልፎ ያመኛል፤ ስሟን ግን አንድም ቀን አልረሳሁም።

አሁን ቤቷ ውስጥ የማያውቃት በሽተኛ ትታ የመጣች እህት ካለች ለእሷ ነው የምናገረው። ልጄ፣ እስኪገባሽ አትጠብቂ፣ ሳይገባሽ ጌታን እመኚው። መቼ ይድናል ብትይኝ አልነግርሽም፣ አላውቅማ። ማን እንደሚያድነው ግን ነግሬሻለሁ።