የሚያፏጨው ማዕዘን

ሰፈሩ «ጋሽ ትንፋሽ» ይለዋል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የአኮርዲዮን ወናፍ ሲጠግን ስለኖረ የወጣለት ስም ነው። ሰሞኑን ግን አንድ ፍርሃት እንደ ብል ውስጥ ውስጡን ይበላው ጀመር። ጆሮው ከድቶታል። ግራው ከተዘጋ ቆይቷል፤ ቀኙም እየተከተለው ነው። ለማንም አልተናገረም። አየር የሚያፈስ መሣሪያ የሚጠግን ሰው ፍሳሹን ካልሰማ ምን ቀረው?

ባለፈው ዓመት ወናፉ ከአኮርዲዮኑ የእንጨት አካል ጋር የሚገጥምበትን ጠርዝ በስፖንጅ አሽጎ ለአንድ የሠርግ ተጫዋች ሰጠ። በስድስት ወሩ ስፖንጁ እንደ ደረቅ ዳቦ ተፈረፈረ፤ ፍርፋሪው ድምፅ የሚያወጡት የብረት ምላሶች ሥር ገብቶ መሣሪያው ሙሽሮቹ ፊት ታነቀ። ሰውየው እየጮኸ ሲመጣ ጋሽ ትንፋሽ የሰማው ግማሹን ብቻ ነበር፤ ግማሹም በቃው።

አሁን ደግሞ አንዲት የሙዚቃ አስተማሪ አኮርዲዮኗን አመጣች።

«ጋሼ፣ ሳብ ሳደርገው ቁና ቁና ይተነፍሳል። ሐሙስ ተማሪዎቼን ይዤ መድረክ እወጣለሁ» ብላው ሄደች።

ሲከፍተው አሮጌው ማሸጊያ ደርቋል። ስፖንጅ፣ የሱፍ ጨርቅና ስስ የበግ ቆዳ ፊቱ ዘረጋ። ስፖንጁን ገና ሲያየው ወረወረው። የሱፍ ጨርቁን አፉ ላይ አድርጎ እፍ አለበት፤ ትንፋሹ በወዲያ በኩል መዳፉን አሞቀው። እሱም አይሆንም። ቆዳውን ቆርጦ አራቱንም ጠርዝ ለበጠና ገጠመው። ከዚያ ባንድ ወገኑ አንጠልጥሎ ለቀቀው። አየር ባያፈስ ኖሮ ቀስ እያለ መውረድ የነበረበት የታችኛው ግማሽ ዝርግፍ አለ።

ያፈሳል። ግን የት? ወናፉን እየሳበና እየገፋ ጆሮውን በየማዕዘኑ ለጠፈ። ጭጭ። «አለቀልኝ» አለ።

ይህን ጊዜ ሚስቱ በሩን ገፋ አድርጋ ገባች።

«አንተ፣ ምንድን ነው እንዲህ የሚያፏጨው? እባብ ገባ እንዴ?»

ወናፉን እንደያዘ ዞረ። «የት ነው የሚያፏጨው?»

«አፍንጫህ ሥር ነዋ!» ብላ ሳቀች። ፊቱን ስታይ ግን ሳቋ ጠፋ።

የሚዋሽበት ጉልበት አጣ። «አልሰማም» አላት። «ዓመት ሊሞላኝ ነው።»

«በር ሲንኳኳ ዝም ስትል የማላውቅ መሰለህ? ካወቅሁማ ሰነበትኩ። እስክትነግረኝ ነው የጠበቅኩት።»

ወናፉን እንደገና ሲገፋው ጎንበስ ብላ አዳመጠች። «ይኸውልህ፣ ከታች በስተግራ።»

እዚያ ማዕዘን ላይ ሁለቱ የቆዳ ጫፎች ተደራርበው ጉብ ብለው ነበር። በምላጭ ፍቆ አቅጥኖ አገናኛቸውና እንደገና አንጠለጠለው። አሁን ጉልበቱን እንዳመመው ሽማግሌ ቀስ እያለ ወረደ።

ሐሙስ ጠዋት አስተማሪዋ መጣች። ሳይነግራት መስጠቱን ፈራ፤ መንገሩንም ፈራ።

«ልጄ፣ ጆሮዬ ደክሟል። ያዳመጠችልኝ ሚስቴ ናት» አላት።

አስተማሪዋ መሣሪያውን አነገተችና ትጫወት ጀመር። ለእሱ የደረሰው ወፍራሙ ድምፅ ብቻ ነው፤ ልቡ እየደለቀ ዓይኗን ዓይኗን ያያል። በመጨረሻ ጣቶቿ ቆሙ።

«ጋሼ፣ ማለክለኩን ትቷል» አለችው።

ማሸጊያው ያዘ። ከዚያ ወዲህ ሚስቱ ወንበር ስባ አጠገቡ ትቀመጣለች። ፍርሃቱ ግን ጨርሶ አልለቀቀውም፤ አንድ ወናፍ በገጠመ ቁጥር ፊቷን ሰርቆ ያያል።