ሽመልን ማን ያድርሰው

እታለም የእንስሳት ጤና ረዳት ነበረች። ተወልዳ ያደገችው ወንበራ ደብረ ዘይት ነው። አሶሳ ውስጥ አገሯን ለጠየቃት ሰው ሁሉ «ደብረ ዘይት» ስትል «አየር ኃይሉ ያለበት?» ይሏታል፤ «የለም፣ የወንበራው» ብላ ታርማለች። በ1988 ዓ.ም. ተመድባ ስትመጣ ክልሉ ገና አዲስ ነበር። ቢሮዋ የተከራዩት የጭቃ ቤት ሲሆን ለአራት ሠራተኛ ሁለት ወንበር ነበረው፤ ደብዳቤ ላይ ማኅተም ለማስመታት ሌላ ግቢ ድረስ ይኬዳል። እሷ ግን ሥራዋን ትወድ ነበር። ገበሬዎቹ «ዶክተር» ይሏታል። ዶክተር አይደለሁም ማለቱ ሰልችቷት ትታዋለች።

ውሻውን ያገኘችው በዚያው ዓመት ክረምት ነው። ከባምባሲ ከብት ከትባ ስትመለስ፣ መኪና ገጭቶት የሄደ ቡችላ መንገድ ዳር ሽመል በሚሉት የቆላ ቀርከሃ ቁጥቋጦ ውስጥ ሲያቃስት ሰማች። የኋላ እግሩ ተሰብሯል። በካርቶን ይዛው መጣች፤ ከዚያው ከሽመሉ በተሰነጠቀ እንጨት እግሩን አሰረችለት። አርባ ቀን ከአልጋዋ አጠገብ አስተኝታ፣ ወተት በጣቷ እያስላሰች አዳነችው። ስሙንም ሽመል አለችው።

ከቤቷ ፊት ለፊት አንድ የውሃ ጉድጓድ ቆፋሪ ፕሮጀክት ግቢ ነበር። እዚያ የምትኖረው የውሃ መሐንዲስ ሊዝቤት ትባላለች፤ ፈረንጅ ናት፣ ቁመቷ ረዥም፣ አማርኛዋ የተሰባበረ ግን የማያፍር። እታለም ለክትባት ዘመቻ ስትወጣ «ሁለት ሳምንት ብቻ ያዥልኝ» ብላ ሽመልን ሰጠቻት። ስትመለስ ውሻው ሮጦ መጣና ዘለለባት፤ እጇን ላሰ። ከዚያ የሊዝቤት መኪና ድምፅ ከሩቅ ሲሰማ ጆሮው ቀጥ አለ። እታለምን እዚያው እንደቆመች ትቷት ወደ በሩ ከነፈ።

ከዚያ ቀን ወዲያ ሽመል የሊዝቤት ሆነ። ማንም ይህን አልተናገረም፤ እንዲያው ሆነ። እታለም ደግሞ ኩራተኛ ናት፣ «መልሺልኝ» አላለችም። በየሳምንቱ እየሄደች ጥርሱን ታያለች፣ መዥገር ትለቅምለታለች። እሱም ዝም ብሎ ይታከምላታል፤ ዓይኑ ግን ሊዝቤት ላይ ነው። እታለም ቤቷ ስትገባ እንደ ቃር የሚያቃጥል ነገር ደረቷ ላይ ይቀመጣል። «እግሩን ያዳንኩት እኔ፣ የሚተኛው እሷ እግር ሥር!» ትላለች ለብቻዋ።

በ1990 ዓ.ም. ጥር ላይ ለሊዝቤት እናቷ በጠና መታመማቸው ተነገራት። በሁለት ቀን ውስጥ ሻንጣዋን ሸክፋ እታለምን አስጠራቻት።

«እታለም፣ እኔ እሄዳለሁ፣ ሽመል ይቀራል። አሁን ወረቀት የለውም። አንቺ ላኪልኝ። አዲስ አበባ እንስሳ የሚልክ ድርጅት አለ ይላሉ፤ ማን ጥሩ፣ ማን መጥፎ፣ እኔ አላውቅም። አንቺ ታውቂያለሽ። አደራ።»

አደራ የሚለውን ቃል አሳምራ ነበር የምትለው። እታለም እሺ አለች።

በየካቲት ክትባት ልትረከብ አዲስ አበባ ስትሄድ የሁለት ድርጅት አድራሻ ይዛ ነበር። መጀመሪያ የገባችበት በትልቅ ጎዳና ላይ ያለ ቢሮ ነው። ግድግዳው ሁሉ የአውሮፕላን ፎቶ፣ ከጠረጴዛው ኋላ ከረቫት ያሰረ ወጣት።

«ውሻ ነው? ጣጣ የለውም። በሦስት ቀን እናደርሰዋለን» አላት ገና ሳትቀመጥ።

«የእብድ ውሻ ክትባቱ ጊዜ አልፎበታል» አለችው። «ዛሬ ብከትበው እንኳ ሠላሳ ቀን መቆየት አለበት አይደል?»

ወጣቱ ሳቀ። «እሱን ለእኛ ተዪው። ቀኑን ወደ ኋላ አድርገን እንጽፋለን። ማን ያየዋል?»

«ሳጥኑስ?»

«ያገኘነው ይሆናል። መርፌ ወግተን እናስተኛዋለን፣ እስኪደርስ አይነቃም።»

እታለም በሙያዋ የምታውቀውን ታውቃለች፤ እንዲህ ደንዝዞ የተጫነ እንስሳ አየር ላይ ትንፋሹ ቢያጥር የሚደርስለት የለም። አመስግናው ወጣች።

ሁለተኛው አንድ ክፍል ቢሮ ነበር፣ ከጭነት መጋዘኖች ጀርባ። ባለቤቱ አቶ ነገሪ የሚባሉ ፀጉራቸው የሸበተ ሰው ናቸው። መልስ ከመስጠታቸው በፊት ጠየቋት። ስንት ኪሎ ነው? ቆሞ ከመሬት እስከ ጆሮው ስንት ነው? ሳጥን ውስጥ ተኝቶ ያውቃል? መድረሻው ላይ የሚቀበለው ማነው፣ ስልኩስ?

«መቼ ይሄዳል?» አለች እታለም።

«በዚህ ወር አይሄድም። ይከተባል፣ ሠላሳ ቀን ይቆያል፣ ሳጥኑን ይለምዳል። ቸኩለው ከሆነ ሌላ ሰው ይፈልጉ፣ እኔ አልችልም» አሉ። ከዚያ ሁለት ስልክ ቁጥር በወረቀት ጻፉላት። «እነዚህ የላኩላቸው ሰዎች ናቸው። እኔን አይመኑኝ፣ እነሱን ይጠይቁ።»

እዚያው ደወለች። አንዲት ሴት አነሳች። «የእህቴን ድመት ነው የላኩት። አንድ ቀን ዘግይታለች» አለቻት። «ግን መዘግየቷን የሰማሁት ከራሳቸው ነው፣ እኔ ሳልጠይቅ፣ ሌሊት ደውለው።»

እታለም ስልኩን ስትዘጋ የሚታመነውን ሰው አግኝታለች። ሌላ መፈለግ አያስፈልግም ነበር። ደስ ሊላት ሲገባ ቃሩ ተነሳባት።

ወደ አሶሳ የሚወስደው መንገድ ሁለት ቀን ነው። ነቀምት አድራ፣ በነጋታው አውቶቡስ መስኮት ላይ ራሷን አስደግፋ አሰበች። ስለ አቶ ነገሪ ለሊዝቤት ከጻፈችላት ሽመል ይሄዳል። ሊዝቤት በሩን ትከፍታለች፣ እሱ ይዘልባታል፣ ያለቅስላታል። ለእታለም ግን አንድም ቀን እንዲያ አልቅሶላት አያውቅም።

አሶሳ እንደደረሰች ደብዳቤውን ጻፈች። ከረቫት ስላሰረው ሰው፣ ወደ ኋላ ስለሚጻፈው ቀን፣ ስለ ማስተኛ መርፌው በዝርዝር ጻፈች። የጻፈችው ሁሉ እውነት ነበር። ስለ ነገሪ ግን አንድ ቃል አልጻፈችም። «የሚታመን አላገኘሁም» ብላ ፈረመችና ፖስታ ቤት አስገባች።

ሽመል ከፕሮጀክቱ ግቢ ወጥቶ እሷ ቤት ገባ። እሁድ እሁድ በግ እየገዛች የምትበላ ሴት አልነበረችም፣ ለእሱ ግን አጥንት ከሥጋ ቤት ታመጣለች። ይበላል፣ ጭራውን ይቆላል። አሥር ሰዓት ሲሆን ግን ተነስቶ ይሄዳል። ሊዝቤት ከመስክ የምትመለስበት ሰዓት ነው። የፕሮጀክቱ ግቢ በር ላይ ተጋድሞ መንገዱን ያያል።

የግቢው ዘበኛ ሻዕባን ነው፤ የበርታ ብሔረሰብ ሰው ነው፣ አማርኛን የተማረው በጎልማሳነቱ ነው፣ ወንዱንና ሴቱን አይለይበትም። አንድ ቀን እታለም ውሻዋን ልትወስድ ስትመጣ ከድንጋዩ ላይ ሳይነሳ አነጋገራት።

«ዶክተር፣ ይሄ ውሻ ዛሬም መጣች።»

«አያለሁ፣ አባ ሻዕባን።»

«ድርጅት አላገኘህም?»

«አላገኘሁም።»

ሻዕባን ምላሱን ጠቅ አደረገ። «አዲስ አበባ ትልቅ ነው። ያ ሁሉ ሰው። አንድ አማና ያለው ሰው ጠፋ?» አማና ሲል የሰው አደራ የማይበላ ማለቱ ነው። እታለም ወደ ውሻው ጎንበስ አለች። የውሻውን አንገት ይዛ እየጎተተች ሄደች።

የሊዝቤት መልስ ሚያዝያ ላይ መጣ፣ የማንጎ ወቅት፣ መንገዱ ሁሉ የፍሬ ልጣጭ በሆነበት ጊዜ። እናቷ ሞተዋል። ከዚያ ስለ ሽመል ጽፋለች፦ አንቺ የለም ካልሽ የለም፤ እሱን ለማንም አሳልፈሽ አትስጪ፤ ካንቺ ጋር ይቅር፤ በዚህ ጉዳይ ካንቺ የበለጠ የማምነው ሰው የለኝም።

እታለም ኋላ ይህን ስትናገር አትደብቅም፤ መጀመሪያ ደስ አላት። ደብዳቤውን አጥፋ ወጣችና ሽመልን ጠራችው። ሁለቱን ጆሮዎቹን ያዘች። «በቃ፣ የእኔ ነህ» አለችው። ውሻው ትንሽ አያት። ሰዓቱ ደርሶ ነበርና ራሱን ከእጇ አላቅቆ ወደ በሩ ሄደ።

ተከትላው ሮጠች። የዚያን ቀን ያደረገችውን አድርጋ አታውቅም። በገመድ አሰረችው፣ የጓሮው ማንጎ ግንድ ላይ፣ አሳጥራ። አልጮኸባትም። ፊቱን ወደ ግቢው አዙሮ ተኛ። በነጋታው አልበላም። በሦስተኛው ቀን ውሃ ልታቀርብለት ስትጎነበስ አንገቱን አየች። ሲጎትት አድሮ ገመዱ ቆዳውን ግጦታል፤ ዝንብ ወርሮታል።

ቁስል ማየት ሥራዋ ነው። ገመዱን ፈታች፣ አጠበችው፣ ሐምራዊውን መድኃኒት ቀባችው። እሱም እንደ ልማዱ ዝም ብሎ ታከመላት።  ከዚህ በፊት ያከመችው ቁስል ሁሉ ሌላ ሰው ያቆሰለው ነበር።

ልብሷን እንኳ ሳትቀይር ቴሌ ሄደች። የውጭ አገር መስመር እስኪገኝ ሁለት ሰዓት ጠበቀች። ስሟ ተጠርቶ የስልኩ ሳጥን ውስጥ ስትገባ ሊዝቤት ወዲያው አነሳች።

«ሽመል ሞተ?» አለች ሊዝቤት፣ ሰላምታ ሳታስቀድም።

«አልሞተም። ሊዝቤት፣ ዋሽቼሻለሁ። አንድ ሰው አግኝቼ ነበር። ጥሩ ሰው። አልጻፍኩልሽም።»

«ለምን?»

«ቀናሁ።»

ሊዝቤት ግራ ገባት። «ቀና? ይቅናሽ የሚሉት?»

«እሱ አይደለም። ሌላው ነው።» እታለም እንባዋ መጣ። «እኔ አዳንኩት፣ እሱ አንቺን ወደደ። ተናደድኩ። እንዲቀርልኝ ፈለግሁ።»



«ሁለት ወር» አለች ሊዝቤት። «እናቴ ሞተች፣ ቤቱ ባዶ ነው። ሁለት ወር፣ እታለም!» ከዚያ ድምጿ ደረቅ ሆነ። «የሰውየውን ስም ንገሪኝ። ፊደል በፊደል።»

ነገረቻት። ሊዝቤት ስልኩን ዘጋች።

ከዚያ ወዲያ ሁሉም ነገር በአቶ ነገሪ በኩል ሆነ። እታለም ሽመልን ከተበችና ቀኑን በትክክል ጻፈች። ባምባሲ መንገድ ያለ አናጢ አቶ ነገሪ በላኩት ልክ ሳጥን ሠራ፤ ውሻው ቆሞ መዞር እንዲችል፣ በአራቱም ጎን ንፋስ እንዲገባ። ሠላሳውን ቀን ምግቡን የምትሰጠው እዚያ ውስጥ ነበር። አቶ ነገሪ «አብሮት የሚሄድ የባለቤቱ ልብስ ይኑር» ብለው ልከው ነበርና ሻዕባንን ጠየቀችው። ሊዝቤት የረሳችው አሮጌ ሹራብ ዕቃ ቤት ተሰቅሏል። እታለም የራሷን ነጭ ጋውን ማንጠፍ ፈልጋ ነበር። ጋውኑን አንስታ አስቀመጠችው፣ አነሳችው፣ በመጨረሻ ሹራቡን አነጠፈች። ሽመል ገብቶ አፍንጫውን ቀበረበትና ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አሥር ሰዓት ላይ ሳይነሳ ቀረ።

የፕሮጀክቱ መኪና አዲስ አበባ አደረሳቸው። ጭነት መቀበያው ላይ አቶ ነገሪ ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አገላበጡ፤ የሳጥኑን መቀርቀሪያ በእጃቸው ሞከሩ። ማስተኛ መርፌ የሚባል ነገር አልነበረም።

«ይሰናበቱት» አሏት።

በፍርግርጉ ጣቷን አስገባች። አንዴ ላሳትና ወደ ሹራቡ ተመለሰ። እታለም ያልጠበቀችው አልነበረም፤ ሆኖም ተወጋች።

እንግዳ ማረፊያ ሳትሄድ ቢሮው ውስጥ ቁጭ ብላ ጠበቀች። አቶ ነገሪ አውሮፕላኑ የሚቀያየርበት ከተማ ደውለው ውሃ መጠጣቱን ነገሯት። በነጋታው ረፋድ ላይ ስልኩ ጮኸ፤ ሰውየው አዳመጡ፣ ፈገግ አሉ።

«ደርሷል። ደህና ነው።»

«ሲያያት ምን አደረገ?»

አቶ ነገሪ ጥያቄው ትንሽ ገረማቸው። «እየጮኸ ዘለለባት አሉ። ሴትዮዋ መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።»

እታለም «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብላ ወጣች። ደስ ብሏት ነበር፤ ቃሩም እዚያው ነበር። እስከ ነቀምት ድረስ ሁለቱም አብረዋት ተጓዙ።

ሊዝቤት ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ጻፈች። በረዶ እንደሚፈራ፣ የአንገቱ ጠባሳ ላይ ፀጉር እንዳልበቀለ። ይቅርታ የሚል ቃል አልነበረበትም፣ ወቀሳም። እታለም መልስ ጻፈች፤ ሌላ አልመጣም። እታለም አልፈረደችባትም።

ከጥቂት ዓመት በኋላ ወደ ግልገል በለስ ተዛወረች። ሰዎች ውሻና ድመት ውጭ አገር መላክ ሲፈልጉ ወሬዋን ሰምተው ይመጡባት ጀመር። አንድ ጊዜ ከፓዌ ምርምር ማዕከል አንዲት ተመራማሪ መጣች፣ ድመቷን ይዛ።

«ማን እንደሚታመን በምን ታወቀሽ?» አለቻት።

«እምቢ የሚልሽን ፈልጊ» አለች እታለም። «በዚህ ወር አይሆንም፣ ይህ ወረቀት ጎድሏል የሚልሽን። ሁሉን እሺ የሚልሽን ፍሪው።» የአቶ ነገሪን ቁጥር ጻፈችላት።

ተመራማሪዋ ግቢውን ዞር ብላ አየች። «አንቺስ ውሻ የለሽም?»

«የለኝም» አለች እታለም፣ የድመቷን ጆሮ በባትሪ እያየች። «ቀናተኛ ነኝ።»