ካሜራውን ያቀዘቀዘው ጆንያ

የኡስታዝን ካሜራ በጣሳና በእርጥብ ጆንያ ያቀዘቀዝኩት እኔ ነኝ። ከፎቶው ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ ግን «የማቀዝቀዣው ሐሳብ የፎቶ አንሺው ነው» ተብሎ ተጻፈ። በደሉ ይኼ ነው። የቀረውን የምናገረው ይኼ ከተመዘገበልኝ በኋላ ነው።

ኡስታዝ ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ ናቸው። ዐማራት ሰፈር ባለው ቤታቸው ለብዙ ዓመት አጽድቻለሁ፣ አብስያለሁ። እሳቸው «ያ ሐጃ» ይሉኛል። መካን አላየሁም፣ ማተቤም አንገቴ ላይ ነው፤ ካርቱም ውስጥ ግን የሸበተች ሴት ሁሉ ሐጃ ናት።

ጡረታ ሲወጡ ሰገነት ላይ ወጥተው ኮከብ ፎቶ ማንሳት ጀመሩ። ካሜራው አሮጌ ነው፤ የተላጠውን የጎኑን ጎማ በሙጫ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። በሽቦ ከኮምፒዩተር ጋር ያገናኙታል። ኮምፒዩተሩ ሲያዘው «ቀጭ» ብሎ ዓይኑን ይከፍታል፣ አንድ ደቂቃ ያህል ይቆያል፣ «ቀጭ» ብሎ ይዘጋል። ከሥሩ ሰማዩን ተከትላ ቀስ ብላ የምታዞረው ሞተር አለች። እንዲህ እያለ መቶ ፎቶ ያነሳና ኮምፒዩተሩ ደራርቦ አንድ ያደርጋቸዋል።

የኔ ሥራ መጨረሻ ላይ ክዳን መግጠም ነበር። ክዳኑ ተገጥሞ ጨለማ ብቻ ይነሳል። መጀመሪያ ሲነግሩኝ «ደግሞ ጨለማን ፎቶ የሚያነሳ ማነው?» ብዬ ስቄ ነበር። ነገሩ የገባኝ በኋላ ነው። ካሜራው ሲሞቅ ኮከብ በሌለበት ቀይና ሰማያዊ ነጠብጣብ ያሳያል። ክዳኑ ተገጥሞም የሚታየው ነጠብጣብ ውሸት ስለሆነ ኮምፒዩተሩ ከፎቶው ላይ ይቀንሰዋል። እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ውሸትን ለይቶ የሚያወጣ ሥራ ግን ወደድኩ።

በሙቀቱ ወር ውሸቱ ከእውነቱ በለጠ። ፀሐይ ከገባች በኋላም የሰገነቱ ሲሚንቶ እግር ያቃጥላል። ኡስታዝ ማራገቢያ ደቀኑበት፤ ካሜራው ተንቀጠቀጠና ኮከቦቹ ትል መሰሉ።

አንድ ቀን በሩ ላይ ለመንገደኛ ከምናስቀምጠው ዚር፣ ከሸክላው የውሃ ጋን፣ ስቀዳ ቆም አልኩ። ዚሩ በእርጥብ ጆንያ ተጠቅልሏል። ነፋሱ እርጥበቱን ሲወስድ ብርዱን ለጋኑ ትቶለት ይሄዳል። ጋን ከቀዘቀዘ ካሜራ የማይቀዘቅዘው ለምንድን ነው?

ከቤቴ ትልቅ የወተት ዱቄት ጣሳ አመጣሁ። ዓይኑ የሚወጣበትና ሽቦው የሚያልፍበት ቀዳዳ አበጀሁለት። ውሃ እንዳይነካው ካሜራውን ከጣሳው ውስጥ፣ ጆንያውን ከጣሳው ውጭ አደረግሁ። በመጀመሪያው ማታ ጆንያውን ሳርስ ጣሳውን ነቅንቄ አሥራ አንድ ፎቶ አበላሸሁ። ከዚያ ወዲያ «ቀጭ» ብሎ እስኪዘጋ እየጠበቅሁ፣ ሳይከፈት በጣቶቼ ውሃ እረጫለሁ።

«ያ ሐጃ፣ ካሜራዬን ልታጠምቂው ነው?» አሉ ኡስታዝ።

«ከተጠመቀማ የክርስትና እናቱ እኔ ነኝ። በኋላ እንዳይክዱኝ።»

ሳቅን። የሰፈሩ መብራት በጠፋበት አንድ ማታ ከጊንጡ ኮከብ ጅራት አጠገብ ያለችውን ሮዝ ጭጋግ አነሳን። ነጠብጣብ የላትም ማለት ይቻላል።

ኡስታዝ ያቺን ፎቶ ኮከብ ወዳዶች ለሚሰበሰቡበት ማኅበር ወሰዱ፤ አዳራሽ ውስጥ ተሰቀለች። ከልጅ ልጄ ጋር ለማየት ሄድኩ። እዚህ ተወልዳ ስላደገች እኔን አያቷን እንደ አገሩ ልጆች «ሐቡባ» ትለኛለች።

«ሐቡባ! ጣሳሽም ፎቶ ተነስቷል!»

«ከሥሩ ምን ይላል?»

አነበበችልኝ። ደግማ እንድታነብ አደረግኋት።

«ስለ እኔ ምንም የለም?»

«ወላሂ የለም። ጆንያ እንኳ አይልም፤ ‹የትነት ማቀዝቀዣ› ነው የሚለው።»

በማግስቱ ሻይ አቀረብኩና «ኡስታዝ፣ ያ ወረቀት ይዋሻል» አልኳቸው።

«ፎቶው የኔ አይደለም እንዴ?»

«ፎቶው የእርስዎ ነው። ቅዝቃዜው የኔ ነው።»

«አንቺ እኮ ክዳን ገጣሚ ነሽ፣ ያ ሐጃ!» ብለው ሳቁ።

እኔ አልሳቅሁም። ማታ ጣሳውንና ጆንያውን ታቅፌ፣ በሐፍላ፣ በከተማው አውቶቡስ ተሳፍሬ፣ ጀሪፍ ወዳለው ቤቴ ወሰድኳቸው። ምግባቸውን አላጓደልኩም፣ ቤቱንም አልበደልኩም። የተቀጠርኩት ለዚያ ነው፤ ጣሳው ግን የኔ ነው።

ኡስታዝ በራሳቸው ሊሞክሩ እርጥብ ፎጣ ካሜራው ላይ ጠቀለሉ። ውሃው በሽቦው ቀዳዳ ገባ። እስኪደርቅ ሁለት ቀን ኮምፒዩተሩ ካሜራውን አላውቀውም አለ። በዚያው ሳምንት ደግሞ የማኅበሩ ሰዎች ሰገነቱ ላይ ሊመጡ ቀጠሮ ነበራቸው።

ኡስታዝ ወጥ ቤት መጡ። «ያላ፣ ያ ሐጃ፣ ጣሳዬን መልሺልኝ።»

«የማን ጣሳ?»

«እሺ፣ ጣሳሽን።»

«አመጣለሁ። ግን የተጻፈው በሰው ፊት ነው፤ የማን ሥራ እንደሆነም በሰው ፊት ይመልሱልኝ።»

«ኢንሻላህ።»

«ኢንሻላህ ለዝናብ ነው፣ ኡስታዝ። ይኼ በእጅዎ ያለ ነገር ነው።»

በቀጠሮው ቀን እንግዶቹ በገመድ አልጋዎቹ ላይ ተቀመጡ። እኔ ጣሳዬን አስሬ፣ ጆንያዬን አርሼ፣ የውሃ ኩባያዬን ይዤ አጠገቡ ቆምኩ። መነጽር ያደረገ አንድ መሐንዲስ ኮምፒዩተሩ ላይ አጎነበሰ።

«ማሻላህ፣ እንዴት ጥርት ብሏል! ኡስታዝ፣ ይኼን ማቀዝቀዣ እንዴት አሰቡት?»

ኡስታዝ አዩኝ። ካሜራው «ቀጭ» ብሎ ተከፈተ። ደቂቃዋ አልቃ «ቀጭ» ብሎ ተዘጋ፤ የመርጨት ተራዬ ነበር፤ አልረጨሁም። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

ኡስታዝ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ክዳን አነሱና በእጃቸው ያዙት።

«እሷን ጠይቋት» አሉ። «እኔ ክዳን ገጣሚ ነኝ።»